እሺ ዶክተር

ሰኞ፣ ማታ

ዝናቡ ገባ። ከቀትር ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሰው ዝናብ ሲመጣ ስለ ጃንጥላ ያስባል፣ እኔ ስለ አንቴና አስባለሁ።

ይህን ደብተር የጀመርኩት የማወራው ሰው ስላጣሁ አይደለም። ለሰው የማይወራ ነገር ስለበዛብኝ ነው። ሐኪም «ፈርቻለሁ» ብሎ ለማን ይነግራል? ለበሽተኛው? ለአለቃው?

ሥራዬ ይኸው ነው። በሆስፒታሉ ኮሪደር መጨረሻ፣ ቀድሞ አንሶላ ይቀመጥባት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ስክሪን ፊት እቀመጣለሁ። ገጠር ያሉት ጤና ኬላዎች በሽተኛውን ካሜራ ፊት ያስቀምጡልኛል፤ አያለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ አዛለሁ። እዚያ ያለችው ነርስ እጄ ናት። ድሮ ሐኪም ለማየት ሰውን በቃሬዛ ተሸክመው ነበር የሚመጡት፤ ስንቱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ያንን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ልኩራ እንጂ፣ እዚህ ማን ያየኛል። በአንድ ኬላ ስጀምር ተሳቀብኝ፤ አሁን አሥራ አንድ ደርሰናል። አለቃችን ደግሞ ክረምቱ ሳይወጣ እጥፍ እናድርገው ብሎ ተነስቷል። ፈቃዱን የሚሰጡት እንግዶች ሊያዩን ይመጣሉ አሉ።

የሚያስፈራኝ ግን እሱ አይደለም። ከወንዙ ማዶ ያለው የመጨረሻው ኬላ ነው። ሚጢጢ እዚያ ናት። ታናሽ እህቴን ማለቴ ነው፤ ባሏ የዚያ መንደር አስተማሪ ነው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ጨርሳለች። «ልምጣና አንቺ ጋ ልውለድ?» ብላኝ ነበር። ምን ያስመጣሻል አልኳት። ለስንቱ እናት «እዚያው ሁኑ፣ እኔ እከታተላችኋለሁ» ስል ከርሜ የራሴን እህት አምጥቼ ቤቴ ላስተኛት? ሰው ምን ይለኛል? ደግሞም መስመሩ ደህና ነው፣ ነርሷ ጎበዝ ናት።

«እሺ እትዬ» አለችኝ። አንድ ቃል አልጨመረችም። ልጅ ሆና እንኳ እንዲህ ነበረች፣ ሰው አታስቸግርም።

ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት

ሩጫ። ከጠዋት ጀምሮ ቀና አላልኩም።

መስመሩ ይቆራረጣል። ሽቦ ጣሪያ ላይ ነው። ሽቦ የምንለው መስመሩን የሚጠብቅልን ባለሙያ ነው፤ ቀጭን ስለሆነና ከአንገቱ ሽቦ ስለማይጠፋ ስሙ ይኸው ሆኖ ቀረ። አንድ ቀን ከዚያ ጣሪያ ተንሸራቶ ይወድቅና በእኔ ይመካኛል።

ከወንዙ ማዶ አንድ ሽማግሌ ቀረቡ። የስኳር በሽተኛ ናቸው፤ ምግብ አልበላ ብሏቸው ከስተዋል። ሳይበሉ ያንን ሁሉ የኢንሱሊን መርፌ መወጋት አደጋ ስለሆነ ከነገ ጀምሮ በግማሽ ቀንሺላቸው አልኳት ነርሷን። ምስሉ ቆመ፤ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች። ከዚያ ተመለሰች። «እሺ ዶክተር።» ወርቅ ልጅ ናት፤ አንድ ጊዜ ነግሬያት ሁለተኛ አስደግማኝ አታውቅም።

ሌሎቹ ግን ዕድሜዬን ያሳጥሩታል። የኮረብታው ኬላ ነርስ ሁለቴ «አልሰማሁም» ብላ አስደገመችኝ። በሦስተኛው «ጆሮሽን የት ጥለሽው መጣሽ?» አልኳት። ከዚያ በኋላ ሰማች።

ዓርብ፣ ማታ

የሚጢጢ ክትትል ቀን ነበር። በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት ትቀርባለች። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሹራብ ደርባ፣ ካሜራው ፊት እንደ ሙሽራ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ፊቷ ሞልቷል። ይሄ ካሜራ መቼም ሰው ያወፍራል፤ እኔንም በስክሪን ያየኝ ሁሉ በአካል ሲያገኘኝ ከሳሽ ይለኛል።

«ደህና ነኝ እትዬ» አለች፣ ሳልጠይቃት።

ነርሷ የደም ግፊቷን ለካች። ትንሽ ከፍ ብሏል። ነርሷም በእግሯ መጥታ ነው፣ ዳገቱ ነው አለችኝ። ሊሆን ይችላል፤ ዳገቱን አውቀዋለሁ። ካረፈች በኋላ ደግመሽ ለኪና ደውለሽ ንገሪኝ አልኳት። መስመሩ ተንኮሻኮሸ። «እሺ ዶክተር።»

ስልኩን አጠገቤ አድርጌ ቆየሁ። አልደወለችም። ደህና ባይሆን ትደውል ነበር። ደህና ባይሆን ትደውል ነበር። ይህን ሁለቴ ጽፌዋለሁ፤ ይሁን።

ሰኞ

የስኳሩ ሽማግሌ ወድቀዋል።

ቤታቸው፣ ደጃፍ ላይ። ላብ በላብ ሆነው ራሳቸውን ሳቱ። ባለቤታቸው ብልህ ሆነው ስኳር በጥብጠው አፋቸው ላይ ባይጨምሩላቸው ኖሮ አልቆላቸው ነበር። በሕይወት አሉ። በሕይወት አሉ።

መርፌው አልተቀነሰም። ሙሉውን ነው ሲወጉ የሰነበቱት።

ማታ

ሽቦን ጠርቼ የረቡዕን ጥሪ እንየው አልኩት። ድምፁን አንቀዳም፣ የመስመሩ ጥንካሬ ግን ስክሪኑ ላይ እንደ ተራራ ይሣላል። ጣቱን አንድ ገደል ላይ አሳረፈና «እዚህ ጋ ድምፅ አልነበረም። እርስዎ ይናገራሉ፣ እዚያ ግን አይደርስም» አለኝ።

እሱን ያልኩት እኮ እዚያ ጋ ነው። በግማሽ ቀንሺ ያልኩት።

ታዲያ እንዴት «እሺ» አለችኝ ብዬ ጮህኩበት። ሽቦ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። የተጠቀለለውን ገመድ ፈትቶ እንደገና ጠቀለለው። የሚያውቀውን ሆድ ይፍጀው ያለ ሰው ይመስላል።

ስንት «እሺ» ሰምቻለሁ በዚህ ክፍል ውስጥ? ስንቱ ደረሰ? ለሕፃኑ ሳል፣ ለወላዷ ትኩሳት፣ ለዚያ እግሩ ለቆሰለው ገበሬ፣ እሺ፣ እሺ፣ እሺ። እኔ በእነሱ እጅ የማክም መስሎኝ ለግድግዳ ስናገር ከርሜ ይሆናል።

የዓርቡም «እሺ» አለ።

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ ለሚጢጢ ደወልኩ። ዓርብ ካረፍሽ በኋላ ደግማ ለክታሻለች ወይ?

«አዎ፣ ደህና ነው አለችኝ» አለች።

እፎይ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ራስሽን ያምሻል? አይ። ዓይንሽ ይጨልምብሻል? አይ እትዬ፣ ምነው በጠዋቱ፣ አለችና ሳቀች። ሳቋ አጠረብኝ። የቀሰቀስኳት እኔ ነኝ፣ ምን ያስቃታል።

ከዚያ ነርሷን ስክሪኑ ላይ አቀረብኳት። ለምን አልሰማሁም አላልሽም? ሰው ልትገይ ነበር እኮ! ታውቂያለሽ? ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ቀረች። ገና ልጅ ናት፣ የኮቷ እጅጌ ይረዝማታል። ለምን? ስንቴ ልጠይቅሽ?

«እሺ ዶክተር» አለች።

እሺ ምን? ምኑን ነው እሺ ያለችው? ደሜ ፈልቶ ዘጋሁት።

ሐሙስ

አዲስ ደንብ አወጣሁ። ካሁን በኋላ ያዘዝኩትን ነርሷ በራሷ አፍ መልሳ ትነግረኛለች፤ ሳትነግረኝ መስመሩ አይዘጋም። ለአሥራ አንዱም ኬላ ነገርኩ። ዛሬ ሞከርነው። የኮረብታዋ ነርስ «በቀን ሁለቴ» ያልኩትን «ሦስቴ» አለችኝና ይህን ያህል ምን ያደነባብርሻል አልኳት። ይባስ ብላ ተንተባተበች። የሚቀጥለው ደግሞ ጨርሶ ጠፋባት።

ሽቦ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ይቅርታ ዶክተር፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለ። አይደለህማ አልኩት። «ሰው ሲፈራ ግን ጆሮው ይዘጋል» ብሎ መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ። ምን ማለቱ ነው? እኔ ነኝ እንጂ እየፈራሁ ያለሁት።

በሻይ ክፍሉ በር ሳልፍ ሁለት ነርሶች «መብረቅ ዛሬስ እንዴት ውላለች?» ይባባላሉ። ስገባ አንዷ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረች፤ ማን ጠየቃት።

ለአለቃችን አዲስ ኬላ መክፈቱን ትንሽ እናቆየው አልኩት። ነገ እንግዶቹ ሊመጡ ዛሬ ምን ነካሽ አለኝ። ደግሞ ደስ የሚል ነገር አስቧል፣ ነገ ዓርብ ስለሆነ እንግዶቹ የሚያዩት የሚጢጢን ክትትል ይሆናል። «የራሷን እህት እንኳ በዚሁ ነው የምታክመው» ብሎ ሊነግራቸው ነው። አፌን ሞልቼ እንቢ ልለው ፈልጌ ነበር። አላልኩም።

ዓርብ፣ ማታ

እንግዶቹ መጡ። ክፍሏ አትበቃም፤ ግማሾቹ ኮሪደር ላይ ቆመው በትከሻ በትከሻ ይመለከታሉ።

ሚጢጢ ቀረበች። ፀጉሯን አልተሠራችም፤ ሻሽ አስራለች። ከጀርባዋ መስኮቱ ተከፍቷል፣ እሷ ግን ብርሃኑን እየሸሸች ጎንበስ ትላለች። ጎንበስ ብላ ግንባሯን በመዳፏ ያዝ አደረገችው፤ እያየኋት መሆኑን ስታስተውል እጇን አወረደች።

ራስሽን ያምሻል አልኳት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

«አይ፣ ደህና ነኝ እትዬ።» ፈገግ አለች፤ እዚያው ላይ ምስሉ ቆመ። ፈገግ እንዳለች ቀረች። ነርሷ ግፊቱን ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት ነው የቆመው። አለቃችን አጨበጨበ፣ እንግዶቹም አጨበጨቡ። አንዱ «ልክ እዚህ ያለች ነው የምትመስለው» አለ። አለቃችን ወደ ሻይ መራቸው።

እኔ ስክሪኑ ላይ የቀረውን ፈገግታ እያየሁ ተቀመጥኩ። ቆይ በሏቸው፣ ግፊቷ ሳይነገረኝ ማንም ከዚህ አይወጣም ማለት ነበረብኝ። አሥራ አንድ ኬላ ላይ የምጮህ ሰው አንዲት ቃል ከየት ትምጣልኝ? ከዚያ መስመሩ እስከ ምሽት አልተመለሰም። የእሷም የባሏም ስልክ አይሠራም። ሽቦ፣ «ማዶ ያለው ምሰሶ ወድቋል፣ ነገ ይነሳል» አለኝ።

ነገ ጠዋት ራሴ እሄዳለሁ። ወንዙ ሞልቷል አሉኝ። ለማንኛውም እሄዳለሁ።

እሑድ

ትናንት አልጻፍኩም። አሁን በተራ ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት አይለቀኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ከአምቡላንስ ሹፌሩ ጋር ወጣን። ወንዙ ጋ ስንደርስ ድልድዩ የለም። መኖሩስ አለ፣ ውሃው ግን በላዩ ላይ ይሄዳል። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋና እጁን መሪው ላይ ጣለ። ማዶውን ዳገት አያለሁ፣ የኬላው ጣሪያ እንኳ ይታየኛል። ድንጋይ ብወረውር የምደርስበት ይመስላል።

ሽቦ ከሌሊት ጀምሮ ምሰሶው ላይ ነበር፤ እንዴት እንደተሻገረ እስካሁን አልነገረኝም። ስልኬ ጮኸ፤ የሚጢጢ ባል ነው። ያ ዝምተኛ ሰው ድምፁ ተሰባብሯል። «ዓይኔ ላይ ጨርቅ ተጋረደብኝ ትላለች። ጨጓራዋን ይዛ ትጮሃለች። ኬላው ነን» አለኝ። ስልኩን ለነርሷ ስጣት አልኩት።

ግፊቷ መቶ ሰማንያ በመቶ ሃያ።

ይህን ቁጥር የሚያውቅ ያውቀዋል። መንቀጥቀጥ ከመጣባት እናትም ልጅም ይሄዳሉ። መንቀጥቀጡን የሚከላከለው መርፌ እዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ ራሴ ነኝ የላክኩት። ነገር ግን መጠኑ ካነሰ አይረባም፣ ከበዛ ትንፋሽ ያቆማል። ነርሷ ደግሞ ሰጥታው አታውቅም። ስንት ብልቃጥ፣ በምን ያህል፣ ግማሹን በአንዱ መቀመጫ ግማሹን በሌላው፣ ሁሉንም ነገርኳት። ስልኩ ይንሿሿል፣ ዝናቡ የአምቡላንሱን ጣሪያ ይወቅጣል።

«እሺ ዶክተር» አለች።

እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። በሕይወቴ አላውቅም። መልሰሽ ንገሪኝ ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ያ የሚረዝማት እጅጌ ትዝ አለኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ እህቴን የምታድንልኝ እጅ አንድ ብቻ ናት፣ እሷም በእኔ ፍርሃት ትንቀጠቀጣለች። በበሽታው አይደለም። በእኔ።

ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «የኔ እህት» አልኳት። «ካልሰማሽ አልሰማሁም በዪኝ። መቶ ጊዜ አስደግሚኝ። አልቆጣሽም።»

ዝናቡ ብቻ። ተቆረጠ ብዬ ነበር።

«አልሰማሁም ዶክተር» አለች። ማልቀስ ጀመረች። «ከስንት ብልቃጥ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ያኔ ዓርብም የተናገሩትን አልሰማሁም። የሽማግሌውንም።»

ጎበዝ አልኳት። እንደገና እንጀምር።

ጀመርን። አንድ አረፍተ ነገር እላለሁ፣ ትመልስልኛለች። ይቆረጣል፣ አልሰማሁም ትለኛለች፣ እደግማለሁ። አልሰማሁም። እደግማለሁ። ሹፌሩ ፊቱን አዙሮ መስኮቱን ያያል። የመጀመሪያውን መርፌ ስትወጋ ሚጢጢ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ባሏ ሲጮህ በስልኩ ሰማሁት። በጎኗ አስተኟት አልኩ። «በጎኗ አስተኛናት» አለች። አሁን ሁለተኛውን። «ሁለተኛውን ሰጠሁ።» ድምፄ እንዴት እንዳልተሰበረ እኔ አላውቅም። ከዚያ ጠበቅን። እስትንፋሷን ቁጠሪልኝ አልኳት፤ ነርሷ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ እኔ ወንዙ ዳር ቆሜ አብሬያት እቆጥራለሁ። ማዶና ማዶ ሆነን ስንቆጥር ዋልን ማለት ይቻላል።

መንቀጥቀጡ ቆመ። ውሃው ወደ ማታ ጉልበት ድረስ ዝቅ ሲል የመንደሩ ወንዶች በአልጋ ተሸክመው አሻገሯት። ነርሷም አብራ ተሻግራ መጣች፤ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። በአካል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያኔ ነው። ስታየኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ያንን እርምጃ አልረሳውም።

ረቡዕ

በቀዶ ሕክምና ወለደች። ሴት ናት። እፍኝ አትሞላም፣ ማሞቂያ ውስጥ ናት። ትተነፍሳለች። ሄጄ አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ ሄጄ አያለሁ። ገና ምንም አልለየለትም። ሐኪሞቹ ደህና ትሆናለች ይሉኛል፤ እኔም ለስንቱ እንዲሁ ብያለሁ።

ለአለቃችን ሁሉንም ነገርኩት፤ ለእንግዶቹም ራሴ እነግራለሁ አልኩት። አንድም አዲስ ኬላ አይከፈትም፣ ነርሶቹ እኔን ሳይፈሩ «አልሰማሁም» ማለት እስኪችሉ። ይህ ስንት ጊዜ ይፈጃል አለኝ። አላውቅም አልኩት። ወደ ክፍሌ ስመለስ ሽቦ ገመድ ይጠቀልላል። መብረቅ የምትሉት እኔን ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ገመዱን አስቀመጠና «አዎ ዶክተር» አለ። ቢዋሸኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሐሙስ

ሚጢጢ ዛሬ ዓይኗን በደንብ ገለጠች። እብጠቱ ቀንሷል፤ ፊቷ የድሮ ፊቷ ሆኗል። ካሜራው አይደለም ያወፈራት።

ራስሽን ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመሽ አልኳት። መጀመሪያ ግፊቴ ከፍ ካለበት ዓርብ በፊት ጀምሮ አለችኝ። ግፊትሽን ደግማ ለካችሽ? አልለካችኝም። ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ?

ወደ ግድግዳው ዞረች። «ነርሷን እንዳትቆጪብኝ ብዬ» አለች። ከዚያ ጨመረች፣ «እኔንም።»

ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ሳብኩላት። እኔ ወንበሩ ላይ፣ እሷ አልጋው ላይ፣ ዝናቡን ሰማን።

ከዚያ የሐኪም ነገር፣ መናገር ጀመርኩ። ብቻሽን እንዳትነሺ። ራስሽን ካመመሽ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ተጣሪ። መድኃኒቱን ሳትበዪ እንዳትውጪ።

«እሺ እትዬ» አለች።

ያቺው «እሺ»።

«ምን አልኩሽ?» አልኳት፣ በቀስታ።

ዓይኗን በግማሽ ከፍታ ትክ ብላ አየችኝ፤ ልቆጣ መሆን አለመሆኔን የምትመረምር ይመስላል።

«አልሰማሁሽም» አለችኝ። «እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።»

ወንበሬን ወደ አልጋው አስጠጋሁ። እጇን ያዝኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ደግሜ ነገርኳት።